ስፐርትን ከቧንቧ መማር፦ አንዲት አስቸጋሪ የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት እንደምንጠቀምባት

ባለፈው ዓመት አንድ የተማሪ የትርጉም ወረቀት ሳርም መሃል ላይ ቆምኩ። ጽሑፉ ስለ ጉርምስና ነው። ልጁ እንዲህ ብሎ ተርጉሟል፦ «ወንዶች ልጆች ከሴቶች ዘግየት ብለው የእድገት ስፖርት ይሠራሉ።» ሁለቴ አነበብኩት። የምን ስፖርት? ወደ እንግሊዝኛው ስመለስ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚያ ያለው ‹ግሮውዝ ስፐርት› ነው፣ ጉርምስና ላይ ድንገት የሚመጣው ፈጣን እድገት። ልጁ ‹ስፐርት›ን ‹ስፖርት› አድርጎ አነበባት። ስፖርት ደግሞ ይሠራል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል? ስለዚህ አሠራቸው።

ልስቅ ብዬ ተውኩት። እኔ ራሴ ተማሪ ሆኜ ይቺኑ ቃል ‹ኤክስፐርት› ብዬ ጮክ ብዬ አንብቤ ክፍሉን አስቄያለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ከቁስል ስለወጣ ደም ነበር። ደሙን ባለሙያ አደረግሁት።

ቃሏ ትንሽ ናት። ግን የጤና ጽሑፍ ላይ፣ የሩጫ ዘገባ ላይ፣ የገበያ ወሬ ላይ፣ ልብ ወለድ ውስጥ ሁሉ ትገባለች። እኔ እንዴት እንደምይዛት ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። የምጽፈው ደሴ ሆኜ ነው፤ ምሳሌዎቼም ከዚሁ ከወሎ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ፊደሏንና ድምፅዋን ለዩ

ይሄን ቶሎ እንለፈው። ፊደሎቿ ኤስ፣ ፒ፣ ዩ፣ አር፣ ቲ ናቸው። ስፖርት በዩ ቦታ ኦ አለው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት፤ ዓይን በጥድፊያ ሲያልፍ አይይዛትም። የቆየ ጽሑፍ ላይ ደግሞ በዩ ቦታ አይ ገብታ ብታገኟት አትደንግጡ። ያው ራሷ ናት።

ድምፁ ላይ አሜሪካኖች አርን ያሰሟታል፤ እንግሊዞች ይውጧታል፣ ‹ስፐት› ያሉ ይመስላል። የኛ ችግር ሌላ ነው። ኤስና ፒ ተያይዘው ሲመጡ አፋችን ከፊት ‹እ› ይጨምራል። ‹እስፐርት› እንላለን። ከ‹እስፐርት› እስከ ‹ኤክስፐርት› ደግሞ አንድ እርምጃ ነው። ‹እ›ዋን ዋጧት። ‹ስስስ› ብላችሁ ጀምሩና ‹ፐርት› ላይ ውጡ።

ቃሏ ስምም ግስም ትሆናለች። ግስ ስትሆን አስቸጋሪ አይደለችም፤ ላለፈ ጊዜ መጨረሻዋ ላይ ኢ እና ዲ ጨምሩ፣ አለቀ።

ደረጃ 2፦ ቧንቧውን ክፈቱ

መዝገበ ቃላት ከመክፈታችሁ በፊት ቧንቧ ክፈቱ። የምሬን ነው።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይቺን ቃል ቀድሞ ያውቃታል፤ ስሟን ብቻ ነው የማያውቀው። ውሃው ሦስት ቀን ጠፍቶ ሌሊት ይመጣል። መጀመሪያ ቧንቧው ያፏጫል። አየር ነው። ከዚያ ያስነጥሳል። ፊን! ቀይ ዝገት የመሰለ ውሃ ባልዲውን ዘሎ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ዝም። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ፊን! እጃችሁን ብትደቅኑ ይመታችኋል። ደግሞ ዝም። ባዶ በከረመው መስመር ውስጥ አየር ገብቷል፤ የተመለሰው ውሃ አየሩን እየገፋ ነው የሚመጣው። አንዴ አየር፣ አንዴ ውሃ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አየሩ ያልቅና ውሃው በሥርዓት መውረድ ይጀምራል።

ስፐርት ማለት ያ የመጀመሪያው ‹ፊን› ነው። በሥርዓት መውረድ ከጀመረ በኋላ ያለው ስፐርት አይደለም፤ መደበኛ ፍሰት ነው።

እንግዲህ ቃሏ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ድንገት መጀመር። ኃይል። መቆም። ተማሪ ሁሉ የመጀመሪያውን ይይዛል፤ ‹ድንገተኛ› የምትለዋን አጥብቆ ይይዝና ሌላውን ይረሳል። እኔ ግን የቃሏ ልብ ሦስተኛው ነው እላለሁ። ድንገት ጀምሮ ሳያቆም የሚሄድ ነገር በእንግሊዝኛ ሌላ ስም አለው። ስፐርት የምትታወቀው በመቆሟ ነው። ስለዚህ ቃሏን ልትጠቀሙ ስትሉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ነገር ይቆማል? የማይቆም ከሆነ ተዉት፣ ሌላ ቃል ፈልጉ።

ደረጃ 3፦ ወደ አማርኛ ስታመጡ ስም አትፈልጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እንግሊዝኛው ስም ስለሆነ በአማርኛም ስም እንፈልጋለን። ‹ድንገተኛ ፍንዳታ›፣ ‹ድንገተኛ ፍሰት›፣ ‹ድንገተኛ ግፊት› እያልን እንሄዳለን። ‹ስፐርት ኦፍ ኢነርጂ› የሚለውን «ድንገተኛ የኃይል ፍንዳታ» ብሎ የተረጎመ ሰው አውቃለሁ። ሰፈሩ ውስጥ ትራንስፎርመር የፈነዳ ነው የሚመስለው።

አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ከእንግሊዝኛ የበለጠ ሀብታም ነው፤ ግን ሀብቱ ያለው ስም ላይ አይደለም። ‹አለ› ላይ ነው። ውሃና ደም ፊን ይላል። እሳት ቦግ ይላል። ቁጡ ሰው ቱግ ይላል። ጭስ ቡልቅ ይላል። የተቀመጠ ሰው ብድግ ይላል። እያንዳንዱ ውስጥ ድንገተኛነቱም፣ ኃይሉም፣ አጭርነቱም አብሮ አለ። ‹ድንገት› የሚል ቃል መጨመር እንኳ አያስፈልግም። «ድንገት ቱግ አለ» ማለት «ውሃ ጠጣ ፈሳሽ» እንደማለት ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። እንግሊዝኛ ነገሩ ሲደጋገም ኤስ ይጨምርና ‹ኢን ስፐርትስ› ይላል። እኛ ቃሉን ራሱን እንደግመዋለን። አንዴ ከሆነ «ፊን አለ»፤ ተደጋግሞ ከሆነ «ፊን ፊን እያለ ወጣ»። እሳቱ አንዴ ከሆነ «ቦግ አለ»፤ እየተነሳ እየጠፋ ከሆነ «ቦግ እልም»። ‹ቦግ እልም› የምትለዋ እንደውም ‹ኢን ስፐርትስ› ከሚለው ትበልጣለች፤ መጥፋቱን በስሙ ጠርታዋለች። እንግሊዝኛው የሚያስጠረጥረውን እሷ ትናገረዋለች።

ስለዚህ ደንቤ ይሄ ነው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ እዩ፦ ውሃ ነው? ሰው ነው? ዋጋ ነው? ስሜት ነው? ከዚያ ያ ነገር በአማርኛ ምን ‹እንደሚል› ጠይቁ። ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ የት የት እንደምትገባ እወቁ

ደም። የቃሏ የመጀመሪያ ትርጉም ፈሳሽ ነውና ከደም እንጀምር። የሕክምና ጽሑፍ ስትተረጉሙ ይቺ ቃል የዋዛ አይደለችም። ከደም መልስ የሚወጣ ደም በዝግታ ይፈሳል፤ መልኩም ጠቆር ይላል። ከደም ቅዳ የሚወጣው ግን ደማቅ ቀይ ነው፤ ከልብ ምት ጋር ፊን ፊን ይላል። ልብ ስትመታ ይገፋዋል፣ ስታርፍ ይቀንሳል። በግ ሲታረድ ቆሞ ያየ ሰው ይሄን አይረሳም። እንግሊዝኛው ‹ስፐርት› ካለ ጸሐፊው የሚናገረው ስለ ደም ቅዳ ሊሆን ይችላል። «ደም ፈሰሰ» ብላችሁ ብታልፉ አንባቢው አደገኛውን ምልክት አያይም። «ደሙ ፊን ፊን የሚል ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ ሳትለቁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ብትሉ ግን ሰው ያድናል። 

ከመሬት የሚወጣ ውሃም እዚሁ ይገባል። ከባቲ ወደ አፋር ወርዳችሁ ወደ ሰመራ አካባቢ ብትዘልቁ አላሎባድ የሚባል ፍል ውሃ አለ። እየፈላ ሽቅብ የሚረጨው ውሃ ለቃሏ ሌላ ጥሩ ሥዕል ነው። ከቧንቧችን ግን ይበልጣል፤ አትጠጉት።

እድገት። የኔ ተማሪ የወደቀባት ቦታ ይቺ ናት፤ ትንሽ እንቆይባት። 

ጎረቤቴ የሆኑ እትዬ የ14 ዓመት ልጅ አላቸው። አንድ ቀን በራቸው ላይ ሱሪ ዘርግተው አገኘኋቸው። 

«ያ ረቢ! አየኸው ልጄ? ለመስከረም የገዛሁለት ነው። ጥር ሳይገባ ቁምጣ ሆነ!» 

«እትዬ፣ ይሄ'ኮ በእንግሊዝኛ ግሮውዝ ስፐርት ይባላል» አልኳቸው፣ የተማርኩ መስዬ። 

«የፈለገውን ይባል! መቼ ነው የሚያቆመው?» 

ከክፍል ሙሉ ተማሪ የተሻለ ጥያቄ እሳቸው ጠየቁ። የቃሏ ልብ መቆሟ ነው አላልኳችሁም? ልጅ ከጉርምስና በፊት በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ጉርምስና ሲገባ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሴቶች ከወንዶች ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ይላሉ፤ ብዙዎቹ 12 ዓመት አካባቢ በጣም ፈጣኑ ላይ ይደርሳሉ፣ በዓመት 8 ሴንቲ ሜትር ያህል። ወንዶች 14 አካባቢ ነው፣ ከ9 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳሉ። እጅና እግር ከሌላው ይቀድማል። ሱሪው ከማጠሩ በፊት ጫማው የሚጠብበት ምክንያት ይሄ ነው። ከዚያ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ በመጨረሻም ይቆማል። እትዬን በዚህ አጽናናኋቸው፤ ግን ሱሪውን አላስረዘመላቸውም።

በአማርኛ «ተመዘዘ» የምትል ቃል አለችን። «ልጁ ዘንድሮ ተመዘዘ» ስትሉ የማይገባው የለም። ለጤና ጽሑፍ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ «የጉርምስና ፈጣን እድገት» በቂ ነው። እንግሊዝኛውን ራሳችሁ ስትጽፉ ደግሞ ግሱን አትሳቱ። ግሮውዝ ስፐርት አይሠራም፣ አይደረግም። እንግሊዞች ‹ሃድ› ይሉታል፣ ‹ሂ ሃድ ኤ ግሮውዝ ስፐርት›። ልክ እኛ ጉንፋን ያዘው እንደምንለው፣ ነገሩ ሰውየው ላይ የሚመጣ እንጂ ሰውየው የሚሠራው አይደለም። 

ጨቅላ ሕፃናትም ላይ ቃሏ ትነገራለች። ሕፃኑ ጥቂት ቀን ከወትሮው በላይ ጡት ካልሰጣችሁኝ ይላል፤ ከዚያ ይረጋጋል። የእናቶች ጽሑፍ ላይ ካገኛችኋት ያቺው ናት።

ሩጫ። በ1980 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ ምሩፅ ይፍጠር በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ወሰደ። በ10 ሺው መጨረሻ 300 ሜትር ያህል ሲቀር እንዴት እንደተፈተለከ ዛሬም ይወራል። ‹ማርሽ ቀያሪው› የተባለው በከንቱ አይደለም። በእንግሊዝኛ ያ ‹ፋይናል ስፐርት› ነው። የሩጫ ዘጋቢዎች ‹ኪክ›ም ይሉታል።

‹ስፕሪንት› የምትለዋ እዚህ ላይ ትመጣና ታምታታለች። ስፕሪንት ከተነሱ እስከ ደረሱ በሙሉ ኃይል መሮጥ ነው፣ እንደ 100 ሜትር። ስፐርት ግን በረጅም ሩጫ መሃል ወይም መጨረሻ ላይ የምትመጣ ማርሽ ነች። ስፐርት ለማድረግ ከዚያ በፊት ቀስ ብላችሁ መሄድ አለባችሁ። አማርኛው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፦ «ተፈትልኮ ወጣ»። 

መኪናም እንዲሁ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ሚኒባሱ ከተጫነ መኪና ኋላ ጭስ እየጠጣ ይቆያል። ሾፌሩ አንገቱን ያወጣል፤ ከፊት የሚመጣ የለም። ማርሹን መልሶ ይረግጠዋል፤ መኪናዋ ታቃስታለች፣ ተስፈንጥራ ታልፋለች፣ ከዚያ ወደ ድሮ ፍጥነቷ ትመለሳለች። ሁላችንም ተነፈስን። እንግሊዞች ይሄን ‹ፑት ኦን ኤ ስፐርት› ይሉታል። ልብሴን ለበስኩ ከሚለው ጋር አንድ ግስ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ እንዳለ ያዙት።

ሥራና ገንዘብ። ‹ኢን ስፐርትስ› በብዛት የምትገኘው እዚህ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ገና ያላለቀ አንድ ቤት አለ። ልጅቱ አረብ ሀገር ናት። ብር ስትልክ ብሎኬት ይመጣል፣ ሲሚንቶ ይመጣል፣ ሦስት ግንበኛ ሳምንት ሙሉ ይሠራል። ብሩ ሲያልቅ ዝም። ዓመት ተኩል ዝም። ደግሞ ትልካለች፤ ግድግዳው ክንድ ያህል ይነሳል። ቀርባችሁ ብታዩት መስመሩ ይታያል። የታችኛው ብሎኬት ሽበት አብቅሎ ጠቁሯል፣ መካከለኛው ፈዟል፣ የላይኛው ገና ግራጫ ነው። የልጅቱ ደመወዝ መቼ መቼ እንደገባ ከግድግዳው ማንበብ ይቻላል። ያ ቤት ‹ኢን ስፐርትስ› ነው እየተሠራ ያለው።

ይሄን በአማርኛ ምን እንበለው? «በዘመቻ» የሚል አለን፤ ግን ዘመቻ ታቅዶ የሚጠራ ነው፣ መሪ አለው። ስፐርት መሪ የለውም። «አንዴ ሞቅ አንዴ ቀዝቀዝ እያለ» ይሻላል። ለቤቱ ደግሞ እኔ ብሆን «ብር በመጣ ቁጥር ብድግ እያለ» ብዬ እጽፋለሁ። ለስሜትና ለወኔ ከሆነ ‹የገለባ እሳት› የምትለዋን አትርሷት። ጥር ላይ እንግሊዝኛ እማራለሁ ብሎ ሦስት ደብተር ገዝቶ የካቲት ላይ የተወ ሰው የገለባ እሳት ነው። እኔ ደብተሮቹ አሁንም አሉኝ።

ዋጋ። የሕንድ ጋዜጦች ይቺን ቃል ይወዷታል። የሽንኩርት ዋጋ፣ የበሽተኛ ቁጥር፣ የወንጀል ቁጥር፣ ምኑም ምኑም ድንገት ሲጨምር ‹ስፐርት ኢን› ብለው ይጀምራሉ። እዚህ ላይ ‹እመርታ› የምትለዋን ልትጠቀሙ ትፈተኑ ይሆናል። ተጠንቀቁ። እመርታ ምርቃት ያለበት ቃል ነው፤ ወደፊት መራመድ አለው። የሽንኩርት ዋጋ እመርታ አሳየ ብትሉ ገዢው ይረግማችኋል። «ዋጋው ተተኮሰ» ወይም «ድንገት ናረ» በሉት።

ደረጃ 5፦ ከዘመዶቿ ለዩአት

እንግሊዝኛ በዚህ ሰፈር ብዙ ቃል አለው። ሁሉንም መያዝ አያስፈልግም፤ በብዛት የሚምታቱትን ልንገራችሁ።

የቅርብ ዘመዷ ‹በርስት› ናት። (በፊደላችን ስትጻፍ ከአባት ርስት ጋር የምትመሳሰለው አጋጣሚ ነው፤ መሬት የላትም።) በርስት ውስጥ መፈንዳት አለ፦ ፊኛ፣ ጎማ፣ የታፈነ ነገር። ቧንቧው ራሱ ተሰንጥቆ ከፈነዳ በርስት ነው። ቧንቧው ደህና ሆኖ ውሃው ፊን ካለ ስፐርት ነው። ሳቅ፣ ለቅሶና ጭብጨባም ወደ በርስት ይሄዳሉ። «በሳቅ ፈነዳ» የምንለው እኛም አይደለን? ለሳቅ ስፐርትን የተጠቀመ ሰው ሳቁን በቧንቧ አስወጣው ማለት ነው። በርስት ባለፈ ጊዜም አትለወጥም፤ ኢ እና ዲ አትጨምሩባት።

‹ገሽ› ብዙ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚንፎለፎል ነው። ውሃው ‹ይቆማል?› ለሚለው ጥያቄ «አይ» ካላችሁ ብዙ ጊዜ መልሱ እሷ ናት። 

‹ስክወርት› ቀጭን ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ጨማቂ አላት። ሎሚ ስትጨምቁ ዓይናችሁ ውስጥ የገባችው፣ ነርሷ መርፌውን ከመውጋቷ በፊት ወደ ላይ የምታደርጋት ጠብታ። በአማርኛ ሁለቱም ፊን ይላሉ። ስለዚህ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄዱ ‹ማን ጨመቀው?› ብላችሁ ጠይቁ። ጨማቂው ከታወቀ ስክወርት፤ በራሱ ግፊት ከወጣ ስፐርት።

ጽሑፏ ስለሚመስል ብዙ ተማሪ የሚያደናግራት ደግሞ ‹ስፔት› ናት። ይቺ ቃል ከወንዝ ጋር ትያያዛለች፤ ወንዝ ሞልቶ ሲያስገመግም እንግሊዞች ‹ኢን ስፔት› ይላሉ። ቆላ የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቷል፤ ደጋው ላይ ግን ዘንቧል። ደረቁ ወንዝ ውስጥ ቆማችሁ ሳለ ደራሽ ይመጣል። በሌላው ትርጉሟ ስፔት የተከታተሉ፣ አንድ ዓይነት ክስተቶችን ትሰበስባለች። አንድ ሳምንት ውስጥ ሰፈሩ ላይ ስድስት ስልክ ከተሰረቀ ስፔት ነው። ስፐርት የአንድ ነገር አንድ ግፊት ናት፤ ስፔት የብዙ ነገር መደራረብ።

ስለ ንዴት አንድ ነገር ልበል። ‹ስፐርት ኦፍ አንገር› ይባላል፤ ትክክል ነው፣ «ቱግ አለ» ነው። ንዴቱ በቃል ከወጣ ግን፣ ማለትም ሰውየው ጮኾ ሰው ፊት ከተሳደበ፣ ‹አውትበርስት› ይሻላል። ስፐርቱ ውስጥ ውስጡን ነው፤ ፊቱ ሲቀላ ነው የምታውቁት።

ደረጃ 6፦ አጃቢዎቿን በቃል ያዙ

ሰዋስው ከማጥናት አጃቢ ቃላትን በቃል መያዝ ይበልጣል ባይ ነኝ። ‹ኤ ስፐርት ኦፍ› ካላችሁ ከኋላ ኢነርጂ፣ ስፒድ፣ አክቲቪቲ፣ ኤፈርት፣ ግሮውዝ ይመጣሉ። ‹ኤ ስፐርት ኢን› ካላችሁ ቁጥር ያለው ነገር ይመጣል፦ ዋጋ፣ ሽያጭ፣ ፍላጎት። ደምና ውሃ ‹ስፐርት ፍሮም› ወይም ‹ስፐርት አውት› ይላሉ። ሯጭና መኪና ‹ስፐርት ፓስት› እና ‹ስፐርት አሄድ›። ሥራ ‹ኢን ስፐርትስ›፤ እዚህ ላይ ኤሷን አትርሱ፣ አንድ ስፐርት ብቻ ከሆነ ድግግሞሹ ይጠፋል።

ስትለማመዱ ከራሳችሁ ቀን ውሰዱ። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያሉት ምሳሌዎች ሁሉ የሰው ናቸው፤ አይያዙም። እኔ የሐረጎን ሚኒባስ ካሰብኩ ወዲህ ‹ፓስት› ጠፍታብኝ አታውቅም።

ደረጃ 7፦ እጃችሁን ፈትኑ

አምስት ነገር ልስጣችሁ። እያንዳንዱን ስፐርት ይባል አይባል ወስኑ። ወረቀት አውጡ፤ ከታች ያለውን መልስ በእጃችሁ ሸፍኑ።

አንድ፦ ውሃ ሦስት ቀን ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው እየተቆራረጠ ውሃ ተፋ። ሁለት፦ ልጅቷ ውጤቷን ስታይ አለቀሰች፣ ሳይታሰብ። ሦስት፦ ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ለፈተና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሌሊት ሌሊት ማጥናት ጀመረ። አራት፦ የከተማው ሕዝብ ቁጥር በ20 ዓመት ውስጥ እያደገ ሄደ። አምስት፦ በልግ ላይ ዝናቡ ትንሽ ወርዶ ያቆማል፣ ትንሽ ወርዶ ያቆማል።

የመጀመሪያው ‹ኢን ስፐርትስ› ነው፤ ይሄን የሳተ ደረጃ 2ን ደግሞ ያንብብ። ሁለተኛው ለቅሶ ነውና ወደ በርስት ይሄዳል። ሦስተኛው ስፐርት ነው፣ ‹ላስት ሚኒት ስፐርት›፤ ፈተናው ሲያልቅ እንደሚያቆም ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። አራተኛው አይደለም። ድንገትም የለው፣ አልቆመም፤ ‹ስቴዲ ግሮውዝ› በሉት። 

አምስተኛው ላይ ያጨቃጭቃል። ድንገትም አለ፣ መቆምም አለ፤ ‹ኢን ስፐርትስ› ብትሉ ስህተት ነው ብሎ የሚያርማችሁ አይኖርም። ግን እንግሊዞች ለእንዲህ ያለ ዝናብ ‹ሻወርስ› የሚል ቃል አላቸው፤ የአየር ትንበያቸው ላይ የምታገኙት እሱን ነው። ስፐርት ሲሉ ከጠባብ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ነገር ስለሚታያቸው፣ ሰማይ ሙሉ ለሚወርድ ዝናብ ትጠባለች። በአማርኛው ችግር የለም፦ «ዝናቡ ጣል ያደርግና ጋብ ይላል፣ ጣል ያደርግና ጋብ ይላል።»